በወይራ የታጠነው ዊስኪ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የመጀመሪያ ልጄን ጽጌን ሊለምኑ ሽማግሌዎች በመጡ ጊዜ ነው። ዘመኑ የሃምሳዎቹ ዓመታት አጋማሽ ነው፤ ፋሲካ አልፎ ሠርግ የሚበዛበት ሰሞን። ዓመታት አልፈውታል። ግን ዛሬም የዊስኪ ጠርሙስ ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ካደረስኩ በኋላ በማታ ትምህርት ስለሆነ፣ አጻጻፌን እንዳለ ተቀበሉኝ።

ቤቴ መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነው። ባሌ ሲሞት ሁለት ሴት ልጆች ይዤ ቀረሁ። ያሳደግኳቸው አረቄ እያወጣሁ እየሸጥኩ ነው። በራፌ ላይ ረጅም እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። ያን ጣሳ ያየ ሁሉ መጠጥ እንዳለ አውቆ ይገባል።

ሥራው ራሱ አያሳፍረኝም ነበር። የሚያሳፍረኝ ለልጆቼ የሚያመጣው ስም ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ለጽጌ ሽማግሌ መጥቶ ነበር። ሰዎቹ ጣሳውን አይተው፣ ቤቱን አሽትተው ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። በኋላ «የካቲካላ ሻጭ ልጅ ለቤታችን አትሆንም» ማለታቸውን ሰማን። ጽጌ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔም ይህ ነገር ሁለተኛ ከደረሰባት አትተርፍልኝም ብዬ ፈራሁ።

ሁለተኛው ጠያቂ ታደሰ የሚባል አስተማሪ ነው። ወላጆቹ ስለሞቱ አጎቱ ናቸው ያሳደጉት። ጽጌ እንዲህ አለችኝ፦

«እማዬ፣ አጎቱ ሻምበል ናቸው። ኮሪያ ዘምተዋል። እሳቸው እሺ ካሉ ሁሉም እሺ ነው።»

«ምን ይወዳሉ? ምን ላቅርብላቸው?»

«ከዊስኪ በቀር አይቀምሱም። አረቄማ ስሙንም አይወዱ። አረቄ ቤት ያለበትን መንገድ ዞረው ነው የሚያልፉት ይላል ታደሰ።»

ይህን ስሰማ ወንፊቱ ከእጄ ወደቀ።

«ለታደሰ እናቴ ምን ትሠራለች ብለሽ ነግረሽዋል?»

«እህል ትነግዳለች ብዬ።» ከዚያ «ብቅልም እህል አይደል እንዴ?» አለች። ሳቅ አለች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

በማግስቱ ዊስኪ ልገዛ ከተማ ወጣሁ። ሱቁ የአንድ ግሪክ ነው። ሰውየው ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም።

«ዊስኪ ስጡኝ» አልኳቸው።

«የትኛው ዊስኪ?»

«ዊስኪ ነዋ! ስንት ዊስኪ አለ?»

ዞረው መደርደሪያውን አሳዩኝ። ለካ ዓይነቱ ብዙ ነው! ፈረስ ያለበት፣ መርከብ ያለበት፣ ዶሮ ያለበት። ያን ጊዜ ማንበብ ስለማልችል ሥዕሉን ሥዕሉን አየሁ።

«አንተ ለማን ነው የምትገዛ?» አሉኝ። «ይሄ ትልቅ መሥሪያ ቤት ያለ ሰው ይገዛል፣ እንግዳ እንዲያይ። ይሄ ሹፌር ይወዳል፣ ቶሎ ያሞቃል። ይሄን አንድ ሐኪም ይወስዳል፣ ውጭ አገር ሲማር የለመደ ነው። ያንተ ሰው ምን ሥራ?»

«ወታደር ናቸው። ኮሪያ ዘምተዋል።»

«ኮሪያ!» አሉና ከኋላ አንድ ጠርሙስ አወጡ። ምንም ሥዕል የለበትም፣ ጽሕፈት ብቻ። «ኮሪያ የነበረ ሁሉ ይሄን ነው የሚጠይቅ። አሜሪካን እዚያ ሰጥቶታል፣ አሁን ሌላ አይጠጣም። ሰው ዊስኪ በምላስ አይመርጥም እሜቴ። የት ነበርክ፣ ያ ነው።»

ያን ጊዜ ነገራቸው አልገባኝም። ያለኝን ከፍዬ ጠርሙሱን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። ቅዳሜ ጣሳውን ከእንጨቱ ላይ አወረድኩ፤ እንጨቱንም ነቀልኩ። ድፍድፉን፣ የወጣውን አረቄ፣ የማውጫውን ማሰሮና አረቄው የሚወርድበትን መቃ ሁሉ በአባባ ጉተማ የከብት በረት ውስጥ ደበቅን። አባባ ጉተማ የአገሩ ባላገር ናቸው፤ ቤቴ ያረፈው በሳቸው መሬት ጫፍ ላይ ነው። ወንድም ስለሌለኝ በልጄ በኩል እንደ አባት ሆነው እንዲቀመጡልኝ ለመንኳቸው።

«አባባ፣ ስለ አረቄ አንዲት ቃል እንዳያወጡብኝ።»

«እኔ? እኔ አረቄ ምን እንደሆነ መች አውቃለሁ የሺ!» አሉ፤ ጠዋት የቀመሱት ከአፋቸው እየሸተተኝ።

ጽጌና ታናሿ ግድግዳውን በአዲስ ጭቃ መረጉት፣ መሬቱን ቄጠማ ጎዘጎዙት። ቤቱ የኔ አልመስል አለኝ።

እሑድ ጠዋት ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ራቅ ብዬ አየሁት። ከአጠገቡ ብርጭቆዎቹን ደረደርኩ። ጠርሙስና ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ሲታይ ያው የአረቄ ቤት ነው! እኔ በየቀኑ እንደዚሁ አይደል የማስቀምጠው? የዊስኪውን ጽሕፈት ማን ያነብልኛል? ገና ከበር ሲያዩት ያውቁብኛል አልኩ። ስለዚህ ዊስኪውን ገልብጬ በትንሿ ጥቁር ገንቦ ላቀርበው ወሰንኩ። ያቺ ገንቦ የእናቴ ናት፤ ለክቡር እንግዳ ብቻ ነው የምትወጣ።

ገንቦዋን በግራዋ አጠብኳት። ከዚያ ከሀና ማርያም በኩል የሚመጡ እንጨት ሻጮች ካመጡልኝ ወይራ ፍም አድርጌ ላዩ ላይ ደፋኋት። ጢሱን ጥግብ እስክትል ጠበቅሁ። ዊስኪውን አንቆረቆርኩባትና አፏን ከደንኩ። ይህን ሁሉ ሳደርግ አንዴም አላሰብኩም። ሃያ ዓመት መጠጥ የሚገባበትን ዕቃ ሁሉ አጥኜ ነው የኖርኩት፤ እጄ ሳላዘው ሠራው።

ሦስት ሆነው መጡ። አንደኛው ሻምበል ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጸጉራቸው ግንባር ላይ ሸበት ያለ። ሁለተኛው የንስሐ አባታቸው፣ ዝምተኛ ቄስ። ሦስተኛው አቶ ደምሴ የሚባሉ የሻምበል ጎረቤት፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ናቸው፣ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ነገር አዋቂ ተብለው ነው የመጡት።

«ተቀመጡ» አልናቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ደምሴ።

«እንግዲያው ጉዳያችሁ ቶሎ ይሰማ፣ እግራችሁን እንዳያምማችሁ» አሉ አባባ ጉተማ። ቄሱ ፈገግ አሉ።

አቶ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። ቀጠሉና የታደሰን ዘር ቆጠሩ። በአባቱ በኩል እንዲህ ያሉ ፊታውራሪ፣ በአያቱ በኩል እንዲህ ያሉ ባላባት፤ ሴት አያቱ ደግሞ፣ የሻምበል እናት ማለታቸው ነው፣ ከደብረ ብርሃን ባለ ርስት ቤት የወጡ ትልቅ እመቤት ናቸው አሉ። እኔ ከጓዳ በር ሆኜ እሰማለሁ። የባላባት ዘር! እኔ ደግሞ ማሰሮዬን በረት ውስጥ ደብቄ!

አባባ ጉተማ የኛን ዘር በአጭሩ ቆጥረው «ይቀመጡ፣ ትንሽ ይቅመሱ፣ ከዚያ መልሳችንን እንሰጣለን» አሉ። ተቀመጡ። ለቄሱ ብርዝ ሰጠሁ፤ ለሻምበል፣ ለአቶ ደምሴና ለአባባ ጉተማ ከገንቦዋ ቀዳሁ።

አቶ ደምሴ ብርጭቆውን አይተው ገንቦዋን አዩ። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«ዊስኪ ነው ጌታዬ» አልኩ።

«ከገንቦ?»

ሻምበል ብርጭቆውን አነሡ። ገና ወደ አፋቸው ሲያስጠጉት ቆሙ። አንድ ጊዜ አሸተቱት፣ ደግመው አሸተቱት። ከዚያ ትንሽ ቀመሱ። ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡ።

ጽጌ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። አቶ ደምሴ ቀመስ አደረጉና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ጢስ ጢስ ይላል! ሰው ዊስኪ ያጥናል እንዴ?» አሉ። ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ። «ነገሩን ለሌላ ቀን ብናደርገው ሳይሻል አይቀርም።»

«ለሌላ ቀን» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የፊተኞቹም ያሉት እሱን ነበር።

ወጥቼ ሻምበልን ተከተልኳቸው። እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። ሻምበል ከአጥሩ ዳር፣ እንጨቱን ከነቀልኩበት ጉድጓድ አጠገብ ቆመዋል። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። መርዝ አጠጥቻቸው ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ወይራ ከዊስኪ ጋር ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?

«ጌታዬ፣ አመመዎት?»

አልዞሩም። «ገንቦዋን ማን አጠናት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ። አጥፍቻለሁ። አላወቅሁም፣ ይቅር ይበሉኝ። ልጄ የለችበትም።»

«በወይራ ነው?»

«በወይራ።»

«በግራዋ ከታጠበች በኋላ?»

«አዎ ጌታዬ።»

ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል። «አረቄ ያወጣሉ፣ አይደል?» አሉኝ።

«የእህል ንግድ» ልል አፌን ከፈትኩ። ሰውየው መሬት ላይ ያለውን የእንጨቱን ጉድጓድ እያዩ ነበር። ምን ዋጋ አለው አልኩ።

«አዎ፣ አወጣለሁ» አልኳቸው። «ልጆቼን ያሳደግሁት በሱ ነው። ጽጌን ግን አንድ ቀን ለጠጪ አላስቀዳኋትም። እኔ ነኝ የምሸተው፣ እሷ ተምራለች። በኔ ምክንያት አይተዉአት።»

ሻምበል ከኪሳቸው መሐረብ አወጡ። ለኔ ሊሰጡኝ ነው ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ የራሳቸውን ፊት ጠረጉበት። አፍሬ እጄን መለስኩ።

«እናቴ አረቄ አውጪ ነበረች» አሉኝ። «ዕቃዋን ሁሉ እንደዚህ ነበር የምታጥነው። ልብሴም ደብተሬም እሱን እሱን ነበር የሚለው። ልጆች ይስቁብኝ ነበር። ወታደር ቤት የገባሁት ከዚያ ሽታ ልሽሽ ብዬ ነው ማለት ይቻላል።»

መሐረቡን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ኮሪያ ሳለሁ በረዶው እስከ ጉልበት ነበር። እናትህ ሞታለች የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ከተቀበረች አራት ወር አልፏታል። ከአጠገቤ የነበረ አንድ አሜሪካዊ ምን ሆነህ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ጠርሙሱን ብቻ ሰጠኝ። ጠጣሁ። የቤታችን ሽታ የለበትም። ጢስ የለው፣ ጌሾ የለው። እፎይ አልኩ። ከዚያ ወዲህ እሱን ብቻ ነው የምጠጣ። ሰው ሻምበል ኮርቶ ነው ይላል። ሌላው ዊስኪ ሲመርጥ የሚጣፍጠውን ይመርጣል፤ እኔ ምንም የማያስታውሰኝን ነው የመረጥኩ። በአረቄ ቤት በኩልም የማላልፈው ለዚሁ ነው።» ወደ ቤቱ ዞረው አዩ። «ዛሬ እርስዎ በዚያው በዊስኪው ውስጥ ሽታዋን አመጡብኝ።»

«ነፍስ ይማር» ብቻ አልኩ። የአሥር ዓመት ሞት ቢሆንም ሌላ የሚባል ነገር አልታየኝም።

«ለቅሶዋን የደረሱኝ እርስዎ ነዎት» አሉኝና ወደ ቤት ገቡ።

አቶ ደምሴ ባርኔጣቸውን አድርገው በር ላይ ደርሰው ነበር።

«ተቀመጥ ደምሴ» አሉ ሻምበል። «የእናቴን ዘር በትክክል አልቆጠርክም።»

«ምን ጎደለ?»

«ርስቱ ትርፍ ነው። እናቴ አረቄ እያወጣች ነው እኔንም የታደሰን አባትም ያሳደገችን።»

«ሻምበል! በሰው ፊት!»

«ዘመድ ልንሆን አይደል የመጣነው? ለነሱ ያልተነገረ ለማን ይነገራል? ወይዘሮ የሺም አረቄ ያወጣሉ። አሁን ዘሩ ተቆጠረ።»

አቶ ደምሴ አባባ ጉተማን አዩ፤ እሳቸው ደግሞ ወደኔ ዞረው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ የሺ! አንቺ ነሽ ያወጣሽው!» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዲያው ከበረት ላምጣው?» አሉኝ።

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። ብርዙ ከብርጭቆው እየፈሰሰ ነበር የሳቁት። ከዚያ ሻምበል፣ ከዚያ ሁላችን። ጽጌ ከጓዳ ወጥታ ምን እንደተፈጠረ ሳታውቅ ቆማ ታየናለች፤ ፊቷ በእንባ ረጥቧል።

«ሰጥተናል!» አሉ አባባ ጉተማ ማንም ሳይጠይቃቸው። «በሬዎቼ በዚያ ማሰሮ ምክንያት ሌሊቱን ሲራገጡ አድረዋል፣ ቶሎ ተፈጻሚ ይሁን።»

ሻምበል አረቄውን አልጠጡም። አባባ ጉተማ አምጥተው አቀረቡላቸው፤ ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱትና መልሰው ዘጉት። «ለዛሬ ይሄ ይበቃኛል» ብለው የታጠነውን ዊስኪ እስከ መጨረሻው ቀስ እያሉ ጠጡ። አቶ ደምሴ ግን ብርጭቆውን አልነኩትም። እንዲያውም በሠርጉ ቀን ለእንግዶቹ «የሙሽራዋ እናት በእህል ንግድ የታወቁ ናቸው» እያሉ ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሳቸውን የሚያርማቸው አልተገኘም።

ጽጌና ታደሰ ዛሬ የሦስት ልጆች ወላጆች ናቸው፤ የሚኖሩት ለቡ ነው። ሻምበል በበዓል ሲመጡ ዊስኪያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ያንኑ ሥዕል የሌለበትን። እንዳለ ከጠርሙሱ ነው የሚጠጡት። በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ የእናታቸው ሙት ዓመት ሲደርስ፣ ጠርሙሱን ጠዋት ይልኩብኛል። ምን እንዳደርግ አይነግሩኝም። ገንቦዋን በግራዋ አጥባለሁ፣ ወይራውን ፍሙ ላይ አደርጋለሁ። ሲመጡ ቀድቼ እሰጣቸዋለሁ። ከጓዳ ሆኜ አያቸዋለሁ እንጂ አጠገባቸው አልቀመጥም። ያን ቀን ብዙ አያወሩም።

ግሪኩ ሽማግሌ ያሉኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። እኔ ራሴ ዊስኪ አንድ ጊዜ ቀምሼ አውቃለሁ፤ የታጠነውን። ምን ምን አለኝ መሰላችሁ? የዚያ እሑድ ፍርሃት። ብርጭቆውን አስቀመጥኩት፤ ደግሜም አልነካሁት።

አሁን ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ለታናሿ ልጄ ሽማግሌ ሊልኩ ነው ስለተባለ ነው። ቀኑ የሚቀጥለው እሑድ ነው። ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ አላውቅም። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ እንደ ጽጌ ጊዜ አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። አባባ ጉተማ ትናንት መጥተው «በረቱን ላጽዳልሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይ አባባ፣ ይቅር» አልኳቸው።

ዛሬ ጠዋት ጣሳውን አውርጄ ዝገቱን በአሸዋ ፈተግሁት። መልሼ እንጨቱ ላይ ደፋሁት። ከመንገዱ ጥግ ድረስ ይታያል።